መርገጥና መሄድ

ሰኞ በማለዳ ብቅ አሉ ፓቭላ፣
አሥራ ሁለት ቀፎ ጭነው ከበስተኋላ፤
የቀፎው ፊት ቅብ ነው፣ ሰማያዊ ብጫ፣
የፒክአፑ በር ግን ገመድ ነው መቋጫ።

«ስረግጠው» አሉኝ፣ «ያስባል እንደ ዳኛ፤
ስሙን እንደጠሩት እንደ እንቅልፈኛ፣
አንድ... ሁለት... ሦስት... ቆጥሬ ሳበቃ፣
ያኔ ነው ደንግጦ ከሕልሙ የሚነቃ።
ፖክሊዩካ ዳገት፣ ግንድ የጫነ መኪና
ከኋላዬ ሆኖ ጥሩምባውን ሲነፋ፣
እግሬ ወለል ነክቶ ጉልበቱ ሲጠፋ፣
ምን እንደምል ልንገርህ? ይቅር፤ ነውር ነውና።»

ቀፎውን አውርደን ከአጥር ሥር ደረደርን።
እኔም እንደ ደንቡ ኮምፒዩተር ሰካሁ፣
ሙቀቱን አነበብኩ፣ ግፊቱን ለካሁ።
«ጥፋት አልተገኘም» አለኝ በአረንጓዴ።
መሣሪያም ይዋሻል እንዴ?
አይዋሽም፤
ከወሰኑ በታች የሆነውን ሕመም
አይቶ ያልፋል እንጂ፣ አይመዘግብም።

የናፍጣ ፊልትሮውን ቀየርኩት በአዲስ፣
የአየር መለኪያውን አጠብኩት ቀስ በቀስ።
ፔዳሉን ፈታሁት፣ ሽቦውን ተከተልኩ፤
ደህና ነው። ገጠምኩት። በሌላው ቀጠልኩ።
የጭስ መመለሻው ጥላሸት ጠጥቶ
ግማሽ ጉሮሮው ነው የቀረው ተከፍቶ፤
ፋቅሁት። አገኘሁህ! አልኩት በልበ ሙሉ፣
ፉጨቴን ሰሙልኝ ጎረቤት በሙሉ።
ከስሬድኒያ ቫስ ወጥቼ ነዳሁት እስከ ሐይቁ ዳር፣
ረገጥኩ።
አንድ...
ሁለት...
ሦስት...
ያው ነገር።

ማክሰኞ፣ ደረሰኝ ላይ ብዕሬን ሳሳርፍ፣
ያልታመመ አክሜ ምን ብዬ ልጻፍ?
ፓቭላ በላስቲክ ቡት፣ በእግራቸው መጡና
ዋጋም አልጠየቁ፤ ቆሙ እንደ ምሰሶ፣
ግቢዬን ቃኙና፦

«ሬዲዮኑን አጥፋው።»
አጠፋሁ።
«ያንንም፣ የሚያጓራውን።»
የጎማ መንፊያውን ነው። እሱንም አጠፋሁ።
አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ ጋራዥ ስሠራ
እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

«በክረምት» አሉ፣ «በረዶው ሲከብድ፣ ቀፎ አይከፈትም።
በጣቴ ኳ አድርጌ ጆሮዬን እጥላለሁ።
ንግሥቷ ያለች እንደሁ አጭር ነው መልሷ፤
የሞተች እንደሁ ግን አያልቅም ለቅሶዋ።
በል ግባ። ስልህ ርገጥ።»

ኮፈኑን ከፍተው አጎነበሱ፣
ነጠላ ጫማ እንደጠፋው ሰው ከሥር ከሥር እያሰሱ።
ረገጥኩ።
መጀመሪያ ምንም።
ከዚያ፣ ሞተሩ ሲጨነቅ፣ አንድ ቀጭን ሽሽሽታ፣
ረጅም፣
ልጅ ጥርሱን ገጥሞ እንደሚያወጣው እስትንፋስ።
«ያውልህ» አሉ፣ «እዚህ ጋ ታለቅሳለች።»

ከባትሪው ሥር ነው፣ ቱቦው ሲታጠፍ፣ በሆዱ በኩል፤
ዓይን አይደርስበትም። ጣቴን ሰደድኩ።
አራት የጥርስ ምልክት፣ አንድ ስንጥቅ፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ።
ሞተሩ ሲያርፍ ከንፈሯን ገጥማ ዝም፤
ሲገፋት ትከፈታለች፣ ቆሞ ለሚያያት አትታይም።
ቱርቦው ለሞተሩ የሚልከው ሲሳይ
ግማሹ ሲበተን እዚያው መንገድ ላይ፣
የቀረው ተጠራቅሞ እስኪሞላ ድረስ
ያ ነው ሦስቱ ቁጥር፣ ያ ነው የእግር መልስ።

«ሸለምጥማጥ!» አልኩ።
ፓቭላ ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ለኩት፣
እንደ ዘመድ ፊርማ አወቁት።
«አምና ሁለት ዶሮ» አሉ።
«ዘንድሮ ደግሞ ትንፋሽ» አልኩ።

ሐሙስ ከክራኝ መጣ ቱቦው ከሁለት ፋሼታ ጋር፤
ገጠምኩ፣ አጠበቅሁ፣ በእጄም ፈተንኩት በየዳር በየዳር።
የፊልትሮውን ሒሳብ ልሰርዝ ብል ተቆጡ፦
«አርጅቶ ነበር፣ ጻፈው!» ብለው ሙሉውን ሰጡ።

ቀፎዎቹን ጫንን፤ ቅቡ ፊት ወደ ኋላ።
እሳቸው ያዙ መሪ፣ እኔ ከጎናቸው።
የፖክሊዩካ ዳገት ተነሣ ከፊታችን፤
ያው ግንድ የጫነው፣ ጥሩምባውን ሊነፋ ሲል፣
ፓቭላ እግራቸውን ሰደዱ።
«አንድ» አሉ።

ሁለትን ለመቁጠር ጊዜ አልነበረም፤
የግንዱ መኪና በመስታወቱ ውስጥ
ክብሪት ቀፎ አክሎ ቀረ።